በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ

በዚህ አገር ሰው ከሥራው ሲሰናበት ኬክ ይቆረስለታል። ጡረታ ከወጣ ኬኩ ትልቅ ነው። ሌይኦፍ ከተደረገ፣ ማለትም ከተቀነሰ፣ ደግሞ ትንሽ፣ ከሱፐርማርኬት በጥድፊያ የተገዛ፣ ስሙ በክሬም ተሳስቶ የተጻፈበት ኬክ ነው። ለእኔ አንዱም አልደረሰኝም። እኔ የወጣሁት በመጋዘኑ የኋላ በር ነው፤ ጓንቴን ኪሴ ከትቼ፣ የምሳ ዕቃዬን አንጠልጥዬ፣ ማንም ሳያጨበጭብ። ዛሬ በመንግሥት ኮምፒውተር ውስጥ እኔን የሚፈልግ ሰው «በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ» የሚል ያገኛል። ዳንኤል የሚለው እናቴ ያወጣችልኝ ስም ከዚያ ወዲህ እንደ ቅጽል ስም ነው የሚቆጠረው።

ሰሞኑን ከዳላስ ሆቴሎች አንዱ በር ላይ መንገደኛ ጫንኩና በግራንድ ፕሬሪ በኩል ሳልፍ መጋዘናችንን አየሁት። አሁን የማሽከረክረው በስልክ የሚጠራ ታክሲ ነው። ሕንጻው ተዘግቷል፤ «የሚከራይ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎበታል፤ የከባድ መኪና ማቆሚያው ስንጥቅ ለስንጥቅ ሣር አብቅሏል። ሳላስበው ፍጥነቴን ቀነስኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለኝ መንገደኛው።

«መቃብሬ ነው» አልኩት።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ የመኪናውን በር እጀታ እንደ ያዘ ነው ኤርፖርት የደረሰው። እኔም እሱን ካወረድኩ በኋላ ይህን ለመጻፍ ወሰንኩ።

ወዳጆቼ «ዳኒ መቶ እጥፍ» ይሉኛል። አንድ አይጥ ካየሁ መቶ ነው የማወራው፤ ትንሽ ከዘነበ የጥፋት ውሃ ነው። አልክድም። ስለዚህ የምላችሁን ለመቶ እያካፈላችሁ አንብቡ፤ የሚተርፋችሁ ካለ ያዙት።

ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ኤርፖርት ውስጥ የአውሮፕላን ሆድ ማጽዳት ነበር። ሰው በሰማይ ላይ የሚበላውን ያህል በምድር ላይ እንደማይበላ ያወቅሁት እዚያ ነው። ቀጥሎ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። አለቃዬ ፎጣ ሲጎድልባት እንደ ለቅሶ የምትቀመጥ ሴት ነበረች። ሙቀቱ እንዲህ ነው አይባልም፤ ስገባ ጠይም ነበርኩ፣ ስወጣ የተቀቀልኩ ነኝ። ደመወዙን ተዉት፤ ወር ላይ ሲመጣ ራሱ ያፍር ነበር። ከዚያ አንድ የአገር ልጅ «መጋዘን ና፣ ቢያንስ ቀዝቀዝ ይላል» አለኝና ግራንድ ፕሬሪ ወሰደኝ። ቀዝቀዝ የሚለው በታኅሣሥ ነው፤ ያውም እንደ ሬሳ ቤት። በሐምሌ ግን፣ የዚህ አገር ሙቀት ሲመጣ፣ የልብስ ማጠቢያው ናፈቀኝ።

መጋዘኑ ከመስፋቱ የተነሳ በአንደኛው ጫፍ ሲዘንብ በሌላኛው ፀሐይ ነው። ካርቶን ከአንድ ወገን ይገባል፤ እኛ ፓሌት በሚባል የእንጨት ርብራብ ላይ እንደረድረዋለን፣ በላስቲክ እንጠቀልለዋለን፣ ፎርክሊፍት የሚባለው ማንሻ መኪና ያነሳውና ከባድ መኪና ውስጥ ያስገባዋል። በቃ። እንዲህ ሲሉት ቀላል ነው። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ከጋሽ ታፈሰ ጋር በአንድ መስመር እስክመደብ ድረስ።

ጋሽ ታፈሰ አዲስ አበባ ሳሉ ግንበኛ ነበሩ። ሳሪስ አካባቢ ስንት ግድግዳ እንዳቆሙ ሲያወሩ ከተማዋን ብቻቸውን የሠሯት ይመስላል፤ በዚህስ ከእኔ አይሻሉም። ልጃቸው አስመጥታቸው ነው ዳላስ የገቡት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺማቸውን በየማለዳው የሚላጩ፣ የሥራ ሸሚዛቸውን ተኩሰው የሚለብሱ ሰው ናቸው። ለካርቶን ማን ሸሚዝ ይተኩሳል? እሳቸው ይተኩሳሉ።

የመጀመሪያ ቀን ፓሌቴን ዞር ዞር እያሉ ተመለከቱና፣

«አንተ፣ ይኼንን ካርቶን በምን አስቀመጥከው?» አሉኝ።

«በእጄ ነዋ፣ ጋሼ።»

«በእጅማ ማንም ያስቀምጣል። መጋጠሚያውን እየው! መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ! እንዲህ ያለ ግድግዳ ቢሠሩልህ ሥሩ ትተኛለህ?»

«እኔ ሥሩ አልተኛም ጋሼ፤ ሂዩስተን ነው የሚሄደው።»

«ሂዩስተንስ ሰው የለም?»

አፈረሱብኝ። ከሥር እስከ ላይ አፍርሰው እንደገና አስደረደሩኝ። ከባዱ ከታች፤ የሁለተኛው ረድፍ ካርቶን የታችኞቹን ሁለት ካርቶኖች መጋጠሚያ ረግጦ እንዲቀመጥ፤ ማዕዘኖቹ ከእንጨቱ ጠርዝ እንዳያልፉ፣ እንዳይጎድሉም፤ ጽሑፉ ወደ ውጭ። መሐል ላይ ክፍተት ከተረፈ ባዶውን አይተዉትም፤ ጠፍጣፋ ካርቶን አጥፈው ይሰኩበታል። ላስቲኩንም ዝም ብሎ መዞር የለም፤ መጀመሪያ ጫፉን እንደ ገመድ አክርረው የእንጨቱ እግር ላይ ያስሩታል፣ ከዚያ ታችኛው ረድፍ ከእንጨቱ ጋር አንድ አካል እስኪሆን ደጋግመው ያጠብቃሉ፣ ወደ ላይ ሲወጡ እያላሉ ይሄዳሉ። «ወገቡን አጥብቅ፣ አንገቱን ግን አትነቅ» ይሉኛል። ሲጨርሱ በትከሻቸው ገፋ ያደርጉታል። ካልተነቃነቀ ያልፋል።

እያንዳንዱን ካርቶን ከማንሳታቸው በፊት በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። ውስጡ የላላ ወይም የተሰበረ ካለ ከድምፁ ያውቁታል። ሰው ቤት የሚገቡ ነው የሚመስሉት። እኔ ደግሞ ከጎናቸው ሆኜ ቀጭን ድምፅ አውጥቼ «ማነው?» እላለሁ። አንድም ቀን አልሳቁልኝም፤ አንድም ቀን ግን ሳልል ቀርቼ አላውቅም።

ከሁሉ ከሁሉ የሚገርመኝ ግን መኪናውን መሸኘታቸው ነበር። እሳቸው የደረደሩት ፓሌት ያለበት መኪና ሞልቶ በሩ ሲዘጋ ሥራቸውን ያቆማሉ፣ ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ በሩ ላይ ቆመው መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ያያሉ። ከዚያ በለሆሳስ «በሰላም ግባ» ይላሉ። ለመኪና! ሾፌሩ አይሰማ፣ ቢሰማም አማርኛ አያውቅ። አንዴ «ጋሼ፣ ምንዎ ነው?» ብላቸው «ከእጄ የወጣ ነገር አይደለም እንዴ? ሳይሸኙት ይሄዳል?» አሉኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እያንዳንዳችን ስካነር ነበረን፤ የካርቶኑን ባርኮድ የሚያነብ ሽጉጥ መሳይ መሣሪያ። ጠዋት በየስማችን እንከፍተዋለን፤ ከዚያ በኋላ ያለ ዕረፍት ይቆጥራል። ስካነሩ የት እንዳለሁ ከሚስቴ የበለጠ ያውቃል፤ ሽንት ቤት ከቆየሁ ይጨነቃል። ምሳ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ስክሪን አለ። የፈጠነ ስሙ አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ የዘገየ ቀይ ይሆናል። እንግዲህ ካርቶን እያንኳኳና መኪና እየሸኘ የሚሠራ ሰው ቀለሙ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ጋሽ ታፈሰ እንደ ቲማቲም ቀልተው ነበር የሚከርሙት።

አዲስ ማሽን ሊገባ ነው፣ ሰው ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ ሲነሳ እሳቸው ዝም አሉ። ዝም ያሉበትን ምክንያት አውቃለሁ። ስኳር አለባቸው፤ መርፌያቸውን የሚከፍልላቸው የሥራው ኢንሹራንስ ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም መንግሥት ለአዛውንት የሚሰጠው ሕክምና፣ እስኪደርስላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል። «እስከዚያ ቆሜ ከቆየሁ ሌላ አልፈልግም» ብለውኛል አንድ ጊዜ፣ ላስቲክ እየጠቀለሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ያኔ አንዲት ተንኮል ፈጠርኩ። እሳቸው መኪና ሊሸኙ በር ላይ ሲቆሙ ስካነራቸውን ካርቶን ላይ ጣል አድርገው ነው የሚሄዱት። እኔ አነሳውና የራሴን ካርቶኖች በእሳቸው ስም ጧ ጧ ጧ አደርጋለሁ። ሲመለሱ ቦታው ላይ ነው። በየመኪናው እንዲህ። ስማቸው ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ግንቦት ሣር ለመለመ። እንዴት ደስ እንዳላቸው ብታዩ! ምሳ ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት።

«አየህ ዳኒ? ያዝ ለቀቅ ሳይሆን ሥራን በወጉ የያዘ ሰው ዕድሜ አያግደውም።»

«አየሁ ጋሼ፣ ጉድ ነው።»

«አንተ ግን ምን ነካህ? ቢጫ ሆነሃል።»

«ጉበቴ ይሆናል።»

«ቀልድህን ተው። ቀልድ ነው ከሥራ የሚያዘገይህ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

አለቃችን ሪክ ይባላል። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ስብሰባ የሚገባ፣ ክፉ ያልሆነ፣ ደግም ያልሆነ ሰው ነው። አንድ ቀን ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«ከእናንተ መስመር አንድ ሰው መቀነስ አለብኝ» አለ። «ታፈሰ ነው የሚሄደው። እንግሊዝኛው አይበቃኝም፤ በቋንቋችሁ አንተ ንገርልኝ። ከአንተ ሲሰማው ይሻለዋል።»

«ታፈሰ እኮ አረንጓዴ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግን ዓይን አለኝ። አዲሱ ማሽን ላይ መሰላል መውጣት አለ። ያ ሽማግሌ ወድቆ ጣጣ እንዲያመጣብኝ አልፈልግም።»

እዚያ ወንበር ላይ የሆንኩትን ልንገራችሁ። በሕይወቴ ስንት ውሸት በነጻ ያከፋፈልኩ ሰው፣ አንዲት እውነት አማርኛ ለማድረግ አቃተኝ። ሥራ ያስተማሩኝን ሰው ፊት ለፊታቸው ቆሜ «ጋሼ፣ አይፈልጉዎትም» ልበላቸው? በምን አፌ? በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ቆሞ ሳለ ወንበር ላይ መቀመጥ እንኳ ያሳፍራል፤ ትልቅ ሰው ሲባረር ወንበሬ ላይ ልቀመጥ?

«አንድ ሰው ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

«አንድ።»

«እኔን አስወጣኝ።»

ሪክ ትንሽ አየኝና ትከሻውን ነቀነቀ። «ለእኔ አንድ አንድ ነው» አለ። «አንተ ግን ጠይቀህ ነው የምትወጣው። እዚህ ላይ ጻፍ፤ ምክንያቱንም።»

ምክንያት? ስለ ጋሽ ታፈሰ ብጽፍ ወረቀቱ ስንት እጅ እንደሚዞር ማን ያውቃል። «ደክሞኛል» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ቃል። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ቀልድም መስሎኝ ነበር። መንግሥት ቀልድ እንደማያውቅ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ለጋሽ ታፈሰ «ለቀቅሁ» ስላቸው ላስቲኩን ከእጃቸው ጣሉት።

«አባረሩህ?»

«ኧረ የለም፤ ሰለቸኝ።»

«ሰለቸህ?» ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ሥራ ይሰለቻል? ልጆች አሉህ፣ ቤት ገዝተሃል፤ ሰለቸኝ ትላለህ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስፈጥን እያየህ አታፍርም?»

«አፍራለሁ ጋሼ።»

በኋላ በር ስወጣ ጋሽ ታፈሰ ፓሌት እየደረደሩ ነበር። ቆባቸውን አላወለቁም፤ ቀና ብለውም አላዩኝ። መኪና ሁሉ ሲሸኝ የከረመ ሰው እኔን አልሸኘኝም።

ሚስቴ ሰናይት ኤርፖርት ነው የምትሠራው፤ ሻንጣ ፍተሻ አጠገብ ስለምትቆም ነው መሰለኝ ምንም ነገር አይደበቃትም። ወዲያው አወጣጣችኝ። ነገሩን ስትሰማ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም «ደግ አደረግህ» አለች። «አንኢምፕሎይመንት አለ አይደል፤ ሥራ እስክታገኝ እንደጋገፋለን።» ከዚያ አሰብ አድርጋ «ምን ብለህ ነው የፈረምከው?» አለችኝ።

«ደክሞኛል።»

«ምን?»

«ደክሞኛል አልኩ።»

«አንተ ሰውዬ!» አለችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «መቶ እጥፍ አድርጎ የሚያወራ ሰው፣ እንደው ዛሬ አንዲት ቃል በቃህ?»

አንኢምፕሎይመንት ለሚሉት የሥራ አጥ ድጎማ አመለከትኩ። ለማታውቁት፣ ድጎማው ያለ ጥፋቱ ሥራ ላጣ ሰው ነው፤ ተባርሮ ወይም ተቀንሶ። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው አይገባውም፤ ብቁ አይደለም ይባላል። ኩባንያው ተጠይቆ «እሱ ራሱ ነው የጠየቀው፤ ሥራው ነበረ» አለ። ለእኔም «ብቁ አይደሉም» የሚል መልስ መጣ። ብቁ አይደሉም! ካርቶን ለማንሳት ብቁ ነበርኩ፤ በሐምሌ ለመቀቀል ብቁ ነበርኩ፤ ለአንድ አዛውንት የመባረሪያ ቃል ለመተርጎም ብቁ ነህ ተብዬ ተጠርቻለሁ። ለመራብ ብቻ ብቁ ሳልሆን ቀረሁ።

ቢሮው ደወልኩ። የመጠበቂያው ሙዚቃ ከመርዘሙ የተነሳ ስደውል ጥቁር የነበረው ጺሜ ስልኩ ሲነሳ ሸብቷል። በመጨረሻ አንዲት ደግ ድምፅ ያላት ሴት አገኘሁ። ነገሩን አድበስብሼ ነገርኳት። «ይግባኝ ጠይቅ» አለችኝ። «ኩባንያው አንድ ሰው ሊቀንስ ወስኖ ከነበረ፣ አንተም በዚያ ሰው ቦታ ወጥተህ ከሆነ፣ ያንን ጉዳዩን ለሚሰማው ሰው ንገር። ማን ሊቀነስ እንደነበረ፣ አለቃህ ምን እንዳለህ። ዋስትና አልሰጥህም፤ ግን ያለህ ተስፋ እሱ ነው።»

ሰናይት ደስታዋ ወሰን አጣ። «በቃ፣ ያለውን መናገር ነው። እውነት መናገር ትችል የለ?»

«እሞክራለሁ» አልኳት።

ችሎቱ በስልክ ነው የሚካሄደው። አስተርጓሚ ትፈልጋለህ ወይ የሚል ጥያቄ ሲመጣ «አዎ» ብዬ ነበር። እንግሊዝኛዬ ለዚያ ያህል ጠፍቶ አይደለም፤ ለአንድ ቀን እንኳ መንግሥት በአማርኛ ያናግረኝ ብዬ ነው። ያቺ ጉራ ምን እንደምታስከፍለኝ አላወቅሁም።

በቀጠሮው ጠዋት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ የምለውን በልቤ እያጠናሁ ሳለሁ በር ተንኳኳ። በጣት አንጓ፣ ሁለቴ። ያን ማንኳኳት ከሺህ ማንኳኳት መካከል አውቀዋለሁ። ጋሽ ታፈሰ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ቆመዋል። ዕለቱ የዕረፍት ቀናቸው ነው፤ ከዳላስ እኔ እስከምኖርበት ዋይሊ አድርሱኝ ብለው ሰው ለምነው ነው የመጡት።

«ክርክር እንዳለህ ሰማሁ» አሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም ይንገረኝ። ተቀይሜህ ነበር፤ አሁንም እንደ ተቀየምኩህ ነኝ። ግን ሰው ችሎት ብቻውን ይቆማል እንዴ? አባትህ ቢኖሩ እሳቸው ይመጡ ነበር።»

ሰናይት ከኩሽና አየችኝ፤ እኔም አየኋት። የሆነው ለሁለታችንም ገባን።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሳሎን አረፍ ይበሉ፤ እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ልጨርሰው...»

«ምን ልሁን ብዬ ነው ታዲያ የመጣሁት? የግድግዳ ሥዕል? በል ስፒከር ላይ አድርገው። ቁጭ በል።»

ስልኩ ጮኸ። ስፒከር ላይ አደረግሁት። ሦስት ድምፅ ነበር፤ ጉዳዩን የሚሰማው ሰው፣ ከሌላ ስቴት የደወለች የኩባንያው ተወካይ፣ እና አስተርጓሚዋ። አስተርጓሚዋ ተባርካ፣ አማርኛዋ እንደ ድሮ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ነበር። አንዲት ፊደል አትውጥም። ግማሹን ውጣልኝ ብዬ ጸለይኩ፤ አልዋጠችም።

ተወካይዋ ቀደመች። አስተርጓሚዋ ተከተለች፦ «ሠራተኛው መልቀቅ እንደሚፈልግ ራሱ ጠይቋል። ምክንያቱ ድካም መሆኑን በጽሑፍ አስፍሯል። ከመልቀቁም በፊት የሥራ ፍጥነቱ በተከታታይ ወርዷል። ይህም የሥራ ፍላጎቱ መቀነሱን ያሳያል።»

ጋሽ ታፈሰ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው» አሉ በለሆሳስ። «ነግሬህ ነበር።»

«አቶ ዳንኤል» አለች አስተርጓሚዋ፣ «ጉዳዩን የሚሰሙት ሰው እንዲህ ይጠይቃሉ፤ ፍጥነትዎ ለምን ቀነሰ?»

ካርቶኖቼ በሌላ ሰው ስም ስለተቆጠሩ። ሌላው ሰው ከጎኔ ክራቫት አስሮ ተቀምጧል። ይህን ብል ምን ይሆናል? አንደኛ፣ የኩባንያው ተወካይ መስመር ላይ ናት፤ ነገ ጋሽ ታፈሰን በማጭበርበር ያባርሯቸዋል፣ መርፌው ይቆማል። ሁለተኛ ... ሁለተኛውን አሁንም በደንብ መናገር አልችልም። ያ ሰው ስክሪኑ ፊት ለፊት የሚቀመጥበትን ፊት አይቼዋለሁ።

«ዕድሜ ነው» አልኩ።

ጋሽ ታፈሰ ጎኔን በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «በልጅ አፍህ ዕድሜ ትላለህ?»

«ቀጣዩ ጥያቄ» አለች አስተርጓሚዋ። «ከመልቀቅዎ በፊት የሥራ ቅነሳ እንደሚኖር የነገረዎት አለቃ አለ? ሊቀነስ የታሰበው ሠራተኛስ ማን ነበር?»

ያቺው ጥያቄ። ቢሮው ስደውል ያቺ ደግ ሴትዮ ያለችኝ ተስፋ፣ በጠራ አማርኛ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ሰናይት ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር፤ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ።

«ንገራቸው፣ ዳኒ» አለችኝ።

«አዎ፣ ንገራቸው እንጂ ልጄ» አሉ ጋሽ ታፈሰም። «የምትደብቀው ምን አለህ? እኔ እንኳ አልሰማሁም፤ ማንን ሊቀንሱ ነበር?»

ሁለቱም አዩኝ። አንዷ እያወቀች፣ አንዱ ሳያውቁ፣ ሁለቱም በአንድ ቃል ለመኑኝ።

«ማንም አልነገረኝም» አልኩ። «ደክሞኝ ነበር።»

አስተርጓሚዋ ቃሌን አስተላለፈች። ለስንት ሰው ያስተረጎመች ሴት ናት፤ ምናልባት አንድ ነገር ጠረጠረች። «አቶ ዳንኤል፣ የሚጨምሩት ነገር ካለ አሁን መናገር ይችላሉ» አለች፤ ይህን ሰውዬው ሲላት አልሰማሁም።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ደክሞኛል ብቻ በይልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰናይት ወደ ኩሽና ተመለሰች፤ ሳህኖቹን ያጠበችበት ድምፅ እስከ ኦክላሆማ የሚሰማ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ተነስተው ኮታቸውን ቆለፉ።

«ፓሌትህ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ነው» አሉኝ። «በትከሻ ገፋ ሲያደርጉት ወደቀ።»

ተረታሁ። የሚያስደንቅ አይደለም፤ እኔም ዳኛ ብሆን በራሴ ላይ እፈርድ ነበር። ሰናይት ድርብ ሺፍት ገባች። ቤቱን ከእጃችን እንዳይወጣ ያቆየችው እሷ ናት፤ እኔ ታክሲ እስክጀምር ድረስ ልጆች ማመላለስና ወለል መጥረግ ነበር ሥራዬ። አንድ ቀን ደክሟት ስትገባ ስልኳን አወጣች። «አሁን ልደውልላቸው ነው። ይወቁት። ቢያንስ ሲያዩህ አይናቁህ።»

«ከነገርሻቸው» አልኳት፣ «እኔ በከንቱ ወጣሁ፣ እሳቸውም በከንቱ ቆዩ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጉዳይ አላነሳችውም፤ ይቅር ብላኝ ነው ብዬ ግን አልምልም።

ማሽኑ ገባ፤ ማሽኑም ጥቂት ሠርቶ ኩባንያው ሙሉውን ሥራ ወደ ሌላ ከተማ አዛወረው። ማሽኑንም ሌይኦፍ አደረጉት መሰለኝ። መጋዘኑ ሲዘጋ ሁሉም ተሰናበተ፤ ኬክ ተቆረሰ። በዚያን ጊዜ የጋሽ ታፈሰ ሜዲኬር ደርሶላቸው ነበር፤ መርፌያቸው አንድ ቀን እንኳ ሳይቋረጥ። ይህን የሰማሁ ቀን ብቻዬን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ብዙ ሳቅሁ። ሳቅ ነበር ልበላችሁ።

እሳቸው የኬካቸውን ቁራሽ በፎይል ጠቅልለው ቤቴ መጡ።

«ይኼን አንኢምፕሎይመንት የሚባለውን ሙላልኝ» አሉኝ። «አንተ ልምድ አለህ።»

«የመሸነፍ ልምድ ነው ያለኝ፣ ጋሼ።»

«ለዚያም ነው። አንተ ያልከውን አልልም።»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። እሳቸው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ኬኩ በመካከላችን። ከሥራ የወጡበት ምክንያት የሚለው ጋ ስደርስ የምርጫው ዝርዝር ወረደ። በስተላይ «ሥራ በመጥፋቱ የተቀነሰ» የሚል አለ። ዝቅ ብሎ ደግሞ የእኔ ስም አለ፤ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ። ጣቴ በሁለቱ መካከል ቆመች። ከዚያ የላይኛውን ተጫንኩላቸው። ምንም አልወደቀም፣ ምንም አልጮኸም። እንዲህ ቀላል ነበር።

ያለ ጥያቄ፣ ያለ ችሎት ተፈቀደላቸው። ብቁ ናቸው። ሲነግሩኝ በስልክ ነበር፤ ድምፃቸው ምሳ ክፍል ውስጥ ስክሪኑን ሲያዩ የነበረው ድምፅ ነው።

«አየህ ዳኒ? ሰው በሥራው ሲጸና መንግሥትም ያውቅለታል።»

«አየሁ ጋሼ።»

ባለፈው ወር ልጃቸው ከዳላስ ወደ ተዛወረችበት ስቴት ጠቅልለው ሄዱ። ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሻንጣቸውን መኪናው ኋላ ስደረድር መጋጠሚያውን ጠብቄ ነው የደረደርኩት፤ አይተው ምንም አላሉም፤ ያ ለእሳቸው ምርቃት ነው። በሩ ላይ ሲወርዱ ግን እጄን ያዙኝ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቀየመኝ። እጅህ ጎበዝ ነበር። ከእኔ በኋላ መስመሩን የምትይዘው አንተ ነህ ብዬ ነበር። ለምን እንዲያ ሰነፍክ? እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

ምላሴ ላይ መጣ። እውነት እላችኋለሁ፣ ጥርሴን ነክቶ ተመለሰ።

«ቢጫ ሆኜ ነበር ጋሼ» አልኳቸው። «ጉበቴ ነው።»

ያኔም አልሳቁም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስንቀሳቀስ በመስተዋት አየኋቸው። ሰው ሁሉ እየገፋቸው ያልፋል፤ እሳቸው ግን ከሻንጣቸው አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቆባቸውን አውልቀዋል። እስክታጠፍ ድረስ አልተንቀሳቀሱም፤ ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳሉ መስማት አያስፈልገኝም።

እንግዲህ የሥራ ዘመኔ ይኼ ነው። ጋሽ ታፈሰ ከዜና በቀር ብዙ አያነቡም፤ ይህ እጃቸው አይገባም ብዬ ነው የጻፍኩት። ግን የአገር ሰው ወሬ አያሳድርም። ከእናንተ አንዱ አንብቦ ይነግራቸው ይሆናል፤ ደውለውም ይጠይቋችሁ ይሆናል። አደራችሁን፣ ያን ጊዜ ዳኒ መቶ እጥፍ ነው በሏቸው፤ ሲያጋንን ነው፣ ያ ሁሉ ካርቶን የእርስዎ ነው በሉልኝ።